ለሁለት የተከፈለው ፓምፕ

"ቀስ በሉ! ጨርቄን!" ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ፤ ግን ዘግይታ ነበር። ሁለቱ ጎረምሶች እየተገፋፉ ገብተው፣ የተሸከሟቸውን ሁለት ጆንያዎች መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በጠመኔ አስምራ የተወችው የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ጣሏቸው። አንደኛው ልጇ ነው። ሌላው ከልጇ ጋር አፈር ፈጭቶ ያደገ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሙያውና ቅጥነቱ ተጋግዘው "ቱቦ" የሚል ስም አውጥተውለታል።

"ዛሬ ትፈርጂናለሽ" አለ ልጇ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። "ይሄ ሰውዬ ሊበላኝ ነው።"

"የሚበላኝስ እሱ ነው፣ እትዬ" አለ ቱቦ። "እርስዎ ሰምተው ይፍረዱ። ከእርስዎ ቃል ውልፍት አልልም።"

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ሰፈሩ "ዳኛዋ" የሚላት ያለ ነገር አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ተከራይና አከራይ ሲካረሩ፣ መጨረሻቸው የእሷ ሱቅ ነው። እነዚህን ሁለቱንማ ገና አፍንጫቸውን መጥረግ ሳይችሉ ጀምሮ በኳስም በብስኩትም ስትዳኛቸው ኖራለች። ሕጓ ሁለት ብቻ ነው፦ የደበቀ ይሸነፋል፤ እዚህ የተነገረም ከዚህ በር አይወጣም።

እውነቱን ለመናገር፣ መምጣታቸው ደስ ብሏታል። ጠዋት የሰማችውን የሚያስረሳት ነገር አግኝታለች። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ዘበኛ ሚስት ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ጠብቃ አልቅሳባታለች። የሕንፃው የውሃ ፓምፕ ከዕቃ ቤት ተሰርቋል። በሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፉ ደግሞ ያለው ዘበኛው ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል።

"እትዬ፣ እርስዎን ሰው ይሰማዎታል። አይሰርቅም ብለው አንድ ቃል ይተንፍሱለት" ብላ ለምናት ነበር ሴትየዋ።

"ያላየሁትን እንዴት እመሰክራለሁ፣ እህቴ?" ብላ ሸኘቻት። ትክክለኛ መልስ እንደሰጠች ታምናለች። ቢሆንም ሴትየዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች የወጣችበት አኳኋን ከዓይኗ አልጠፋም።

"በሉ እንግዲህ" አለች አሁን። "ከሥር ከመሠረቱ ንገሩኝ። ጸባችሁ ምንድን ነው?"

ልጇ የጆንያዎቹን አፍ ፈታ። ከአንዱ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሞተር ወጣ። ከሌላው የዛገ ክብ ብረት፣ ሁለት አፍ ያለው። እሷ የምታውቀው የስፌት መኪና ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አልመሰላት።

"ይሄን ዕቃ ሁለታችን ነን ያመጣነው" አለ ልጇ። "እኩል እንካፈል ተባባልን። ፈታነውና ሞተሩ ለእኔ ሆነ፣ ይሄ ክብ ብረት ለእሱ። አሁን ገዢ ሲመጣ፣ ገዢው ሙሉውን ነው የምፈልገው አለ። እሱ ደግሞ ትልቁን ድርሻ ካልሰጠኸኝ የእኔን አልገጥምም ብሎ ድርቅ!"

"አንዱን ዕቃ ለሁለት ፈታችሁት?"

"እኩል እንዲሆን ነዋ!" አለ ቱቦ፣ ጥያቄው ገርሞት። "ግን ሞተሩ ብቻውን ንፋስ ነው፣ እትዬ። ውሃ የሚስበው የእኔ ነው። ደግሞስ ማን ደከመ? ፓምፑን ከመሬት የነቀልኩት እኔ፣ ውሃው ፈሶ እንዳያጋልጠን ቧንቧውን የደፈንኩት እኔ። እሱ በር ላይ ቆሞ ሲያፏጭ ነበር!"

ዳኛዋ ጠመኔዋን ልታነሳ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

"የትኛው ፓምፕ?" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

የሰማት የለም። ልጇ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። "ሲያፏጭ? እናቴ ትሙት…"

"እዚሁ ቆሜያለሁ፤ በሌላ ማል" አለች ከልማድ፣ ሳታስበው።

"እሺ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እኔ ባልኖር ዕቃ ቤቱን በምን ትከፍተው ነበር? እማዬ፣ ዘበኛው ባለፈው ጃኬቱን ገበሩን ስፊልኝ ብሎ አምጥቶልሽ የለ? ምሳሽን ልትበዪ ስትወጪ ሱቁን ጠብቅ አልሽኝ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣሁ፣ ሮጬ አስቀረጽኩ፣ ሳትመለሺ መልሼ ከተትኩ። ይሄ ጭንቅላት ይጠይቃል! የእኔ ድርሻ ከእሱ የሚያንሰው በምን ሒሳብ ነው?"

"ሐሳቡ የማን ሆነና! ከመጀመሪያውም እንስረቀው ያልኩት እኔ ነኝ!" አለ ቱቦ ደረቱን እየደቃ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ያዘች። ጃኬቱን ከመኪናው ጎን የሰቀለችው እሷ ናት። ሱቁን ጠብቅ ያለችውም እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያችን ምስኪን፣ እጇ ንጹሕ እንደሆነ ሰው "ያላየሁትን" ብላ መልሳታለች። ይህ ሁሉ ሳያንሳት ቀና ብላ ልጇን ስታየው እንደገና ደነገጠች፤ ልጇ ፈገግ ብሎ ፍርዱን እየጠበቀ ነበር። ሌባ መውለድ አንድ ነገር ነው። ሌብነቱን እንደ ጉብዝና ለእናቱ የሚቆጥር ልጅ ማሳደጓን ግን ምን ብላ ትቻለው?

"ዘበኛው አሁን የት እንዳለ ታውቃላችሁ?" አለች።

ሁለቱ ተያዩ። "ጣቢያ ነው አሉ" አለ ቱቦ። "ይለቁታል ባክዎ፤ ምን ማስረጃ አላቸው?"

"እሱ ከዚህ ጸብ ውስጥ ምን አገባው?" አለ ልጇ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ከሰማችው ሁሉ ይህ ነው ያስፈራት።

"ግጠሙት" አለች።

"ምኑን?"

"ፓምፑን። እንደነበረ አድርጋችሁ ግጠሙት።"

ፍርዱ የተጀመረ መስሏቸው ተሽቀዳደሙ። ቱቦ መፍቻውን ከኋላ ኪሱ አወጣ፤ ልጇ ሞተሩን ደግፎ ያዘ። ጸባቸውን ረስተው "ወደ እኔ አዙረው"፣ "አጥብቀው" እየተባባሉ ሲሠሩ ላያቸው፣ ጨዋ ሠራተኞች ይመስላሉ። ሲጨርሱ መቀነቷን አጠበቀች።

"አንሱትና ተከተሉኝ።"

"ወደ ገዢው?"

"ወደ ጣቢያ።"

ቱቦ መፍቻውን ጣለው። ልጇ ሳቅ ሊል ሞከረና ፊቷን አይቶ ተወው። "እማዬ! እዚህ የተነገረ ከዚህ በር አይወጣም አላልሽም?"

"ሕጉ ለብስኩት ነበር።"

"ቆይ፣ ስሚኝማ። ሲመሽ ወስደን በሩ ላይ እናስቀምጠዋለን። ፓምፑ ተገኘ ይባላል፣ ሰውየውም ይፈታል፣ ማንም አያውቅም። እማዬ፣ እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ።"

ልቧ ተከተለው። ምን ይዋሻል፣ በጣም ፈለገች። ያላት አንድ እሱ ነው። እንዳለው ብታደርግ ነገ ተነስታ ዩኒፎርሟን ትሰፋለች፣ ሰፈሩም ዳኛዋ ይላታል። ዘበኛው ግን ፈርቶ አስመለሰው ይባላል። ከሥራው ይባረራል፣ የትም ሄዶ ቢያመለክት ያ ሌባ እየተባለ ይኖራል።

"አንሳው" አለችው። "ብትሸሹም እኔው ሄጄ መናገሬ አይቀርም። በእግራችሁ ብትሄዱ ነው የሚሻላችሁ።"

ሱቋን ቆልፋ ከፊት ሄደች። ሁለቱ ፓምፑን ግራና ቀኝ ይዘው ተከተሏት። መንገዱን ሙሉ ክብደቱ ወደ እኔ አደላ እያሉ ሲነታረኩ ትሰማቸው ነበር።

ጣቢያው ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የዘበኛው ሚስት የምሳ ዕቃ ታቅፋ ተቀምጣለች። ፓምፑ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ሲል መርማሪው ከወረቀቱ ቀና አለ።

"እኔ በር ላይ ነው የቆምኩት!" አለ ልጇ ወዲያው። "ማፏጨት ብቻ ነው ሥራዬ! የነቀለው እሱ ነው፤ ሙያው ነው!"

"ቁልፉን ያስቀረጸው ማን ሆነና? ጭንቅላት ይጠይቃል ሲል አልነበር እንዴ? እኔ የታዘዝኩትን ነው የፈታሁት!" አለ ቱቦ።

መርማሪው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "እኔ እኮ ገና ምንም አልጠየቅኳችሁም።"

ሁለቱም እኩል አንገታቸውን ደፉ።

"እርስዎስ፣ እናቴ? የሚያውቁት ነገር አለ?"

"አለ" አለች። "ቁልፉ የወጣው ከእኔ ሱቅ ነው። ዘበኛው ጃኬቱን አምኖ ሰጥቶኝ ነበር። ከኪሱ ያወጣው ልጄ ነው። ሰውየው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ልቀቁት።"

የዘበኛው ሚስት አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት።

መርማሪው ዘበኛውን እንዲያመጡት አዘዘና፣ ቃላቸው እስኪጻፍ ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ ነገራቸው። ልጇና ቱቦ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጇ ቱቦን በክርኑ ገፍቶ ቦታ አሰፋላት። "እማዬ" አለ በለሆሳስ፣ ወንበሩን መታ መታ እያደረገ። "እዚህ ነይ።"

አየችው። ከዚያም ክፍሉን አቋርጣ ከዘበኛው ሚስት አጠገብ ተቀመጠች። ሴትየዋ ፈቀቅ አላለችላትም፤ በተረፈው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።