የረመጥ ድንች በሦስት ቅቤ

ነብዩ ምግብን የሚያውቀው ከሜኑ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ወልቂጤ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም በአስተናጋጅ እጅ ነው። ቤቱ ያለችው ብቸኛ ድስት ሥራዋ ዝናብ ሲዘንብ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን መቀበል ነው።

እንግዲህ ሀሴት እሳት አንድደህ አብላን ያለችው ይሄን ሰው ነው።

ሀሴት የቡታጅራ ልጅ ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ነብዩ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ሲጠይቃት እሺም እምቢም አላለችም። የታላቅ እህቷ ባል የማዕድ ቤት በር ያለፈበት ቀን የለም፤ ጨው ሲፈልግ እንኳ ሰው ይጣራል።

"እንደሱ ያለ ሁለተኛ ሰው እኛ ቤት አይገባም" አለችው። "ቅዳሜ ጓደኞቻችንን ይዘን ቡታጅራ እንውጣ። ሜዳ ላይ እሳት አንድደህ አንተ ታበስላለህ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ማንም ሳይለምነው፣ በገዛ አፉ 'ጨምርልኝ' ካለ ሽማግሌህን ላክ። ካላለ ጓደኛሞች ነን።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ ነብዩ።

ቤቱ ገብቶ ሲያስበው ቀላል አልሆነለትም። በዚህ አገር አንድ እንግዳ በራሱ አፍ "ጨምርልኝ" ሲል ሰምቶ አያውቅም። እንግዳ "ጠግቤአለሁ" ይላል፤ ባለቤት "በሞቴ!" ይላል፤ እንግዳ ሳህኑን በእጁ ይከልላል፤ ባለቤት በጣቶቹ መሀል አሾልኮ ይጨምራል። የእንግዳው ሆድ በዚህ መሀል ምን እንደሚል የጠየቀው የለም። ውሉን ለእንግዶቹ ሹክ ማለትም ክልክል ነው። "ነግረህ ካስባልካቸው ዐውቅብሃለሁ" ብላዋለች። ታውቅበታለችም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ኋላ ወንበር የሚኮርጀውን በስሙ የምትጠራ መምህርት ናት።

ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ አየ። አንድ ጢማም ፈረንጅ በበረዶ መሀል ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይናገር፣ የጭኑን ያህል ሥጋ ይጠብሳል። ነብዩ ሥጋውን ተወው። ሥጋ ከሆነ ለጓደኛው ለሙስተፋ ከሙስሊም ሉካንዳ፣ ለሌሎቹ ከክርስቲያን ሉካንዳ ተገዝቶ ሁለት እሳት ሊነድ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አንዱንም አልሞከረም። ዓሣ ግን ሁሉም ይበላል። ከዝዋይ ቡታጅራ የሚገባ ቆሮሶ ዓሣ፣ ለምናልባቱ አንድ ፌስታል ድንች፣ ሎሚ፣ ጨውና ሚጥሚጣ። አለቀ። ሀሴትም እንግዶቹን "ባዶ እጃችሁን ኑ፣ ምግብ የሚባል ነገር እንዳታመጡ" ብላ አስጠነቀቀች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ካለው የሙስተፋ አጎት ማሳ ዳር አወረዳቸው። ሙስተፋ የሒሳብ መምህር ነው፤ የመስቃን ልጅ፣ የነብዩም የልብ ጓደኛ። ገና እግሩ መሬት ሲነካ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ ብልቃጥ የተነጠረ ቅቤ አወጣ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሃይሚ ከቦርሳዋ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጣች፤ እናቷ ከእምድብር የላኩላት ነው። ምክትል ዳይሬክተሩ ጋሽ ፈቃደ ኮታቸውን ከፈት አድርገው የጉንችሬን ቅቤ፣ ከነጣሳው፣ እንደ ዋንጫ ከፍ አደረጉት።

"ምግብ እንዳታመጡ አላልኩም?" አለች ሀሴት።

"ቅቤ መቼ ምግብ ሆነ?" አሉ ጋሽ ፈቃደ። "ቅቤ ሰላምታ ነው።"

ነብዩ እሳቱን አነደደ። ጢማሙ ፈረንጅ ሳይናገር ያለፈው አንድ ነገር ነበር፦ እሱ ብቻውን ነው። የነብዩን እሳት ግን ሦስት ሊቃውንት ከበውታል። እኛ ዘንድ ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ እጁን ማሳረፍ ስንፍና ይመስለዋል። ጋሽ ፈቃደ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አንድ የባህር ዛፍ ፍልጥ ጣል ያደርጋሉ። ሃይሚ "ላግዝህ" ብላ ደረቅ ቅጠል ትጨምራለች። ሙስተፋ ጭሱ ሲያስነጥሰው፣ ጭሱን ለማጥፋት፣ ሌላ ፍልጥ ይጨምራል። ነብዩ ቆሮሶዎቹን ከእሳቱ በላይ ባጋደመው ሽቦ ላይ ደርድሮ ሎሚ ለመቁረጥ ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት ነበልባሉ የጋሽ ፈቃደን ባርኔጣ አልፎ ሄደ።

"እየበሰለ ነው!" አለች ሃይሚ በደስታ።

እየተቃጠለ ነበር። ሽቦው ቀልቶ ጎበጠ። ቆሮሶዎቹ ውሃ ያገኙ ይመስል ተራ በተራ ወደ እሳቱ ዘለሉ። ነብዩ በዱላ እየጎረጎረ ያወጣቸው ከውጭ ከሰል፣ ከውስጥ ጥሬ ነበሩ።

ሙስተፋ አንዱን አገላብጦ አየና "ዐይኑ ደህና ነው" አለ፤ ማጽናናቱ ነው።

"ምን ችግር አለው!" አለች ሃይሚ ስልኳን እያወጣች። "ቡታጅራ ልደውል፤ ክትፎ በባጃጅ ይመጣልናል።"

"ለኔ የአጎቴ ሚስት የሚበላ አታጣም" አለ ሙስተፋ።

ነብዩ ሀሴትን አያት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ክትፎው ከመጣ ሁሉም ይጠግባል፤ ሁሉም ይስቃል፤ እሱም ዕድሜ ልኩን የሀሴት ጓደኛ ሆኖ ይኖራል።

"ማንም ስልክ እንዳይነካ!" አለ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። "ጋሽ ፈቃደ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከእንጨቱ አጠገብ ይነሱ።"

"እኔ?"

"እርስዎ። ሃይሚ፣ ቅጠሉን ጣዪው። ሙስተፋ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።"

"ምክትል ዳይሬክተር ነኝ እኮ!"

"ሰኞ ነዎት ጋሼ። ዛሬ እንግዳ ነዎት።"

ሀሴት ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

ነበልባሉ እስኪወርድ ተጠበቀ። ይሄ ለሊቃውንቱ ከባድ ፈተና ነበር። "ኧረ እሳቱ ሊሞት ነው" ይላሉ ጋሽ ፈቃደ፤ እጃቸው ወደ ፍልጡ ሲሄድ ነብዩ ያያቸዋል፤ እጃቸው ይመለሳል። ፍልጡ ፍም ሆነ፤ ፍሙ አመድ ለበሰ። ያን ጊዜ ድንቹን ከነልጣጩ ረመጡ ውስጥ ቀበረው። ትንሽ ቆይቶ አንዱን አውጥቶ በእንጨት ወጋው፤ እንጨቱ ተሰበረ። መለሰው። እንደገና ወጋው፤ ግማሽ ድረስ ገባ። መለሰው። ሦስተኛው ላይ እንጨቱ ቅቤ የወጋ ያህል ሰተት አለ።

ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ድንች ከፈለ፤ ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነሰበት። ሁሉም የየራሱን ቅቤ አፈሰሰበት። የሚሰማው እፍ እፍ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"እጅህ ይባረክ፤ ጠግቤአለሁ" አሉ ጋሽ ፈቃደ።

"እኔም በቃኝ" አለች ሃይሚ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙስተፋ፣ ጣቱን እየላሰ።

"በሞቴ" የሚለው ቃል የነብዩ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሀሴት ጭንቅላቷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ዋጠው።

እንግዶቹ ይጠብቃሉ። ባለቤቱ አይለምንም። ረመጡ ውስጥ ድንች ተቀብሮ ይታያል። ሃይሚ ሰማዩን አየች። ሙስተፋ ጫማውን አየ። ጋሽ ፈቃደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እ… ድንች የተረፈ መሰለኝ።"

"አዎ ጋሼ" አለ ነብዩ እያዘነ። "ተርፏል።"

"እንዲያው ነው ያልኩት።" ረመጡን ሰረቅ አድርገው አይተው ደግሞ፣ "ለነገሩ ጣዕሙ የቅቤው ነው። የጉንችሬ ቅቤ ድንጋይ ላይ ቢፈስም ይበላል።"

"እንዴ ጋሼ! የእምድብርን ሳይቀምሱ?" አለች ሃይሚ።

"የአገሬን ቅቤ ዐይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።"

"እንሞክራ!" አለ ሙስተፋ። የሃይሚን ሻርፕ ተቀብሎ የምክትል ዳይሬክተሩን ዐይን አሰረ። ነብዩ አንድ ድንች ቆራርሶ ሦስቱን ቅቤ ለየብቻ ቀባና አቀረበላቸው። የመጀመሪያውን ቀምሰው ከንፈራቸውን ጣል አደረጉ። ሁለተኛው ሲገባ ግን ደረታቸው ተነፋ።

"ይሄ ነው! ኮሰረቱ! ኮረሪማው! የእናቴ ቤት ነው እኮ ይሄ!"

"ጋሽ ፈቃደ" አለች ሃይሚ በትሕትና፣ "እምድብር እንኳን ደህና መጡ።"

ሙስተፋ መሬት ላይ ተንከባለለ። የመጀመሪያው፣ ከንፈር የተጣለለት፣ የጉንችሬው ነበር።

"አጭበርብራችኋል!" ጮኹ ጋሽ ፈቃደ፣ ሻርፑ ዐይናቸው ላይ እንደታሰረ። "ቀላቅላችሁታል! በቁራሽ አይታወቅም! አንተ ነብዩ፣ ጨምርልኝ! ሙሉ ድንች ስጠኝ!"

ነብዩ ዱላውን እንደያዘ ደረቀ። ሀሴትን አያት።

"ለማጣራት ነው" አለች። "አይቆጠርም።"

"ምኑ ነው የማይቆጠረው?" አሉ ጋሽ ፈቃደ።

ሙስተፋ እንባውን ጠርጎ ተነሳና ሳህኑን ዘረጋ። "እናንተ አጣሩ። እኔ ግን ርቦኛል። ጨምርልኝ ወንድሜ፣ ሁለት አድርገው። ወላሂ፣ በሞቴ ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ አንጀቴ ተጣበቀ። ዛሬ ምን ነካህ?"

ሀሴት ሳቀች፤ አፏን ሳትይዝ፣ ማሳው እስኪሰማ። "ይሄኛው ይቆጠራል" አለች። ከዚያ ወደ ነብዩ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሑድ ላክ። ጠዋት ግን አይሁን፤ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ይመለስ።"

ጋሽ ፈቃደ ሻርፑን ከአንድ ዐይናቸው ላይ ከፍ አደረጉ። "ምን ይላካል?"

"ሽማግሌ" አለ ነብዩ። ድንቹን ለሙስተፋ ሲሰጥ ዐይኑ ሀሴት ላይ ስለነበር አንዱ ወደ አመዱ ተመለሰ።

"ታዲያ አትናገርም!" አሉ ጋሽ ፈቃደ፤ የቅቤው ነገር ወዲያው ተረሳ። ኮታቸውን ቆለፉ። "እኔ ነኝ ዋናው። ሙስተፋ ከጎኔ ይሆናል፤ ብዙ አይናገርም።"

"ለምን አልናገርም?"

"የመጀመሪያው ቃል የታላቅ ነው።"

"ሴት ሽማግሌ አይሆንም ያለው ማነው?" አለች ሃይሚ፣ እሷም ሳህኗን እየዘረጋች። ማንም አልለመናትም።

ሽማግሌዎቹ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥና ማን ቀድሞ እንደሚናገር እየተከራከሩ ረመጡ ውስጥ የቀረውን ድንች አራገፉት። ሀሴት የቀራትን ግማሽ ድንች ይዛ ነብዩ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ግንባሩ ጥላሸት ነው፤ ቅንድቡም ጫፉ ተለብልቧል።

"አንተ በልተሃል?"

"እኔ? ጠግቤአለሁ" አለ፤ አፉ ለምዶበት።

ሀሴት ድንቹን ወደ አፏ ልትወስድ ስትል ነብዩ እጇን ያዘ።

"አልበላሁም። ርቦኛል። ስጪኝ።"

ሰጠችው፤ ትኩስ ስለነበር መጀመሪያ እፍ አለችለት።