ሦስት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ

ሐሙስ ስለነበር የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሹ ካፌ እንደ ልማዱ የአተር ሾርባ ሠርቷል። ታውኖ ሁለተኛ ሳህኑን ይዞ ተቀምጧል፤ ሴት ልጁ ኦውቲ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆማ ቆሽቷ እያረረ ነው። የልጅ ልጁ ሂላ ማክሰኞ ዕለት በአንድ ልምምድ ሰባት ጊዜ ወድቃለች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቡድን ውስጥ የምትገባበት ወይም የምትቀርበት ፈተና አለባት። ሰውዬው ግን ሾርባው ላይ ሰናፍጭ ይጨምራል።

«ብያለሁ» አለ። «ያንን አዲስ የውስጥ ሶል አውጡት ብያለሁ። ልጅቷን የሚጥላት እሱ ነው።»

«ማክሰኞም ይህንኑ ነው ያልከው።»

«ትናንትም ብትጠይቂኝ ይህንኑ እልሽ ነበር።»

በዚያች የባሕር ጠረፍ ከተማ የታውኖ እጅ ያልነካው መንሸራተቻ ጫማ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ስለት ሲስልና ከጫማ ጋር ሲያስር ኖሯል። እሱ ካለ አለ ነው። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያናግሩት፤ እሱም ይህን ለምዶታል፤ ወዶታልም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሂላ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ መውደቅ ጀመረ። ቁርጭምጭሚቷ እየተንጋደደ ስትዘል አያርፍላትም። ታውኖ ስለቱን ፈታ፤ ሦስት ሚሊሜትር ወደ አውራ ጣቷ በኩል ገፋና መልሶ አሰረው። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁሉም እጅህን ይባርከው አለው። እግሯን ግን ማንም አላየላትም። እግሯ ጫማው ውስጥ እንደ ወደቀ ነበር፤ ስለቱ ብቻ ከሥሩ ሄዶ ቆመለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሂላ ከልምምድ ስትመለስ የቤታቸውን ደረጃ እያነከሰች ትወጣለች፣ አያቷም እያደገች ነው እኮ ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ኦውቲ መረራት። ሂላንና ጫማዋን መኪና ውስጥ ከትታ ወደ ቱርኩ ከተማ ነዳች፤ ሪካ የምትባል የእግር ባለሙያ ዘንድ። ሪካ ወሬ አታበዛም። ሂላን በባዶ እግሯ አቁማ ጉልበትሽን እጠፊ አለቻት። የቀኝ እግሯ መሃል ወለሉ ላይ ልጥፍ አለ። ከዚያ ከጫማው ውስጥ ከፋብሪካ የመጣውን ሶል ጎትታ አወጣችው። ጨርቅ የለበሰ ስስ ካርቶን ነው፤ በሁለት ጣቷ አጥፋ ለኦውቲ አሳየቻት።

«በዚህ ላይ ነው የምትዘለው?»

ኦውቲ አፈረች። የሁለት ዓመት ሕመም ከዚያ ካርቶን ሌላ የሚያርፍበት አልነበረውም።

ሪካ ሦስት ዓይነት የውስጥ ሶል አመጣች። የመጀመሪያው ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ሂላ ገና ስትረግጠው ፊቷ ፈካ።

«ይሄ ይሁንልኝ። ትራስ ነው የሚመስለው።»

«ትራስ ለመኝታ ነው» አለች ሪካ። «እዚህ ላይ እግርሽ ሲዋኝ ነው የሚውለው። አውልቂ።»

ሁለተኛው መሃሉ ጥሩ ደገፍ ያደርጋል፤ ግን ከፍታው በዛ። ሂላ ጫማውን አስራ ጉልበቷን ስታጥፍ ሪካ ተረከዟን በእጇ ያዘች። «ይነሳል?» ስትላት ሂላ «ትንሽ» አለች። «ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ተረከዝ ወይ ይቀመጣል ወይ አይቀመጥም» ብላ እሱንም አወጣችው። ሦስተኛው ስስና ጠንካራ ነው፤ ተረከዙ ጋ እንደ ስኒ ጎድጎድ ብሏል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እንቢ የሚል ጉብታ አለው። ሂላ ፊቷን አጨማደደች።

«ይቆረቁራል።»

«የቱ ጋ?»

«መሃሉ ጋ።»

«እዚያ ጋ እስከ ዛሬ ደግፎሽ የሚያውቅ ነገር ስለሌለ ነው። ቆሚ። ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ። አሁን እጠፊ።»

ተረከዙ ተቀመጠ። ጣቶቿ የጫማውን ጫፍ ነክተው ሳይታጠፉ ቀሩ። ቁርጭምጭሚቷ ቀጥ አለ። ሂላ ጉልበቷን ደግማ አጠፈችና «አላመመኝም» አለች፤ ኦውቲ እንባዋ መጣ።

ያኔ ሪካ ጫማውን ገልብጣ ስለቱን አየች። «ይህ የታሰረው ለወደቀ እግር ነው» አለች። «አሁን እግሩ ቀጥ ብሏል። ስለቱ እዚያው ከቀረ ወደ ውጭ ይጥላታል። በረዶ ከመርገጧ በፊት ወደ መሃል ይመለስ።» ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ለኦውቲ ሰጠቻት።

ኦውቲ እሑድ ዕለት ወረቀቱንና ጫማውን ለአባቷ ወሰደች። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰኞ ጫማውን ሲመልስላት «አየሁት» አላት። አመነችው። አባቷ ነው፣ ለምን አታምነውም?

ማክሰኞ ሂላ በመጀመሪያው ዝላይ ወደ ውጭ ወደቀች። በሁለተኛውም። አሥራ ስድስት ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሚንሸራተቱበት ቡድን ውስጥ አንዷ ስትወድቅ አራት ይዛ ነው የምትወድቀው፤ አሠልጣኟ ሲርኩ ይህን ነገር አትታገሥም። ለሁለት ባዶ ቦታ ሰባት ልጆች ይፎካከራሉ። «ሐሙስም እንዲህ ከሆነ መስመር ውስጥ አላስገባሽም» አለቻት። ሂላ ይህን ቡድን የተመኘችው ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ነው። መኪና ውስጥ ስታለቅስ ያለችው ግን ስለ ሲርኩ አልነበረም። «እኔ ነኝ፣ እማ። እግሬ ነው የማይረባው» ነው ያለችው። ኦውቲን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

አሁን ታውኖ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ ነው። «ሶሉን ታውጣና እንደ ድሮዋ ትሥራ። ድሮ አትወድቅም ነበር።»

«ድሮ ታነክስ ነበር።»

«ያላነከሰ ማን አለ? ጫማውን አየሁት አልኩሽ፣ ምንም የለበትም።»

አየሁት። ቃሉ ኦውቲን ቆንጠጥ አደረጋት። ሰኞም ያላት ይህንኑ ነው፤ መለስኩት አላለም። ወደ መልበሻ ክፍል ወረደች። ሂላ ካልሲ ብቻ አድርጋ ተቀምጣለች። ኦውቲ የቀኙን ጫማ አነሳችና ገለበጠችው። የብሎኖቹ አናት የሁለት ዓመት ዝገቱን እንደ ለበሰ ነው። በስለቱ ዙሪያ የተቀባው ቀለም አንድ ቦታ እንኳን አልተሰነጠቀም። ካቻቢቴ ጫፉን አላስነካውም። ደሟ ፈላ።

ካፌ ተመልሳ ጫማውን ከሾርባው ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። አጠገባቸው ያሉት ወላጆች ወሬያቸውን አቆሙ።

«አልነካኸውም።»

«አየሁት ነው ያልኩት።»

«አባዬ፣ ማየትህን አልጠየቅኩህም።»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው አለ።»

«ይስማ። ማክሰኞ ስትወድቅ በምን እንደምትወድቅ ታውቅ ነበር?»

ታውኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። ይዋሻል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ ቢዋሽ ይሻላት ነበር። «ከሁለተኛው በኋላ» አለ።

«ከሁለተኛው በኋላ። እንግዲያው አምስቱን ቆመህ ነው ያየኸው።»

«ምን አድርግ ነው የምትይኝ?» አንገቱ ቀላ። «እዚህ ቤት ያለ ልጅ ሁሉ በእኔ ስለት ነው የሚቆመው። አንዲት የቱርኩ ሴት ሥራህ ጠማማ ነው ብላ ወረቀት ስትልክብኝ እሺ እመቤቴ ብዬ በሰው ፊት ልፍታው? ያኔ እኮ ልክ ነበር።»

«ያኔ ልክ ነበር። ማን ስህተት ነው አለህ? ወረቀቱም አላለህም። አሁን ተለውጧል፣ መልሰው ነው ያለችህ። አንተ ግን ልጄ ዳሌዋ እስኪበልዝ ስትወድቅ እያየህ፣ ክብርህ እንዳይነካ ብለህ፣ እግሯን አስጠላሃት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የገዛ እግሯን ጠላች።»

ሌላም ልትል ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ሁሉ የሚያስቀይም ነበር። ግን ሂላ በካልሲዋ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመች ፊቷ ይናገራል። መጣችና ጫማዋን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለች አያቷን።

«አርባ» አለ ታውኖ።

«እንግዲያው ተነሳ።»

ተነሳ። ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል በር ሊዘጋ ሲል ኦውቲ በእግሯ አስቀረችው። ደጅ ላይ አምስት ስድስት ወላጅ ቆሞ ያያል። ዝገት የያዙት ብሎኖች እየጮኹ ተፈቱ። ታውኖ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ኮላ የነካ ስቴኪኒ እየጠቀጠቀ ሞላ፤ የተረፈውን በምላጭ ቆረጠ፤ መሃሉን ሁለት ጊዜ ለካ፣ አዲስ ቀዳዳ በሳ። እጁ አንዴም አልተሳሳተም። ኦውቲን ያናደዳትም ይህ ነው፤ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሰኞ ዕለትም ያውቀው ነበር።

«ብርሃን ከለከልሽኝ» አላት። ንቅንቅ አላለችም።

ሂላ ጠንካራውን ሶል አስገብታ፣ ጫማውን አስራ፣ ጉልበቷን አጥፋ አየችና ወደ በረዶው ወጣች።

የመጀመሪያው ዙር አስቀያሚ ነበር። ሁለት ዓመት በተንጋደደ ነገር ላይ የቆመ ሰው ቀጥ ያለውን አያምነውም፤ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዳ በጣቶቿ በረዶውን ነካች። ሲርኩ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ኦውቲ አጥሩን ጨበጠች። በሁለተኛው ዙር ሂላ መስመሩን ያዘች። ከዚያ ዘለለች፣ በቀኝ እግሯ አረፈች፣ ቆመች። ደግማ ዘለለች፣ ቆመች። መጨረሻ ላይ ሲርኩ ሁለት ስም ጠራች፤ ሁለተኛው የሂላ ነበር።

ወላጆቹ አጨበጨቡ። ታውኖ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወደ እነሱ ዞረና እጁን ከፍ አደረገ። «አያችሁ? ይህ እጅ ገና አልደከመም።» ኦውቲ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሂላ ከበረዶው ወጥታ ስለቷ ላይ ሽፋኑን እያጠለቀች ነው። ጉንጯ ቀልቷል፣ ትስቃለች። አያቷ ትከሻዋን ቸብ አደረጋት።

«ነገ አምጪው፣ ኮላው ሲደርቅ ብሎኖቹን አጠብቅልሻለሁ።»

«ፖሪ ከተማ ያለው ስለት የሚያስረው ሰውዬ ያጠብቅልኛል።»

«ፖሪ?» ሳቀ። «ለአራት ብሎን ፖሪ ድረስ? እኔ እያለሁ?»

ሂላ ሳቋ ጠፋ። «ማክሰኞም ነበርክ፣ አባባ» አለችው።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጓንቷን አውልቃ ብብቷ ውስጥ ከታ ወደ መልበሻ ክፍል ሄደች፤ አላነከሰችም። ታውኖ የሚያየውን ሰው ሁሉ ትቶ ጀርባዋን ያያል። ኦውቲም የመኪናዋን ቁልፍ አውጥታ ልጇን ተከተለች።