የቁልፍ ድምፅ በመስመሩ ላይ

ስልክ የምናነሳበት ክፍል ድሮ የልብስ ስፌት ክፍል ነበር። የመቀስ መስቀያ ሚስማሮቹ አሁንም ግድግዳው ላይ አሉ፤ ወለሉ ሲጠረግም አልፎ አልፎ መርፌ ይገኛል። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ መስኮት። ከጎኔ የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝበት ሱቁን ዘግቶ በሞተር ሳይክሉ ይመጣል። ከኋላችን ሲስተር አሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የሚመሩን እሳቸው ናቸው። ደመወዝ የለውም። የጨነቀው ሰው ይደውላል፣ እኛ እንሰማለን።

እኔ እዚያ ሕንፃ የገባሁት ፊደል ልቆጥር ነበር። የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጠው እታች ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ የምታለቅስ ሴት ሳባብል ሲስተር አዩኝና፣ «አንቺ መስማት ታውቂበታለሽ፤ ከትምህርት በኋላ ወደ ላይ ውጪ» አሉኝ። ንባቤ ገና ዳዴ እንደሚል ነገርኳቸው።

«ጆሮ ፊደል አይፈልግም» አሉ።

እዚያ የምንሠራውን ለቤተሰብም አንናገርም፤ ደንብ ነው። ልጄ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ትምህርት ላይ የምውል ይመስላታል። የመስመሩን ቁጥር የያዘውን ማስታወቂያ ግን ቤት ወስጄ ከስልካችን በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ለንባብ ልምምድ ነው ብያታለሁ፤ እውነቴንም ነበር።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሥራዋን ትታ ቤት ውላ ቤት ታድራለች። ስጠራት «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣትም። እኔ ጭንቀታም ነኝ። ስትተኛ በሯ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ምን ሆንሽ ብዬ ስጠይቃት ድምፄ ይጮኻል፤ እኔ ስጮኽ እሷ ትዘጋለች። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ያንቺ ሹክሹክታ ሦስት ቤት ይሻገራል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። መስመሩ ላይ ግን ሲስተር ዝቅ አድርጎ መናገርን አስተማሩኝ። እኔ ራሴ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጣ።

ከሁሉም የሚከብዱት ዝም የሚሉ ደዋዮች ናቸው። ስልኩን ቀድመን አንዘጋባቸውም። «መናገር ካቃተዎት ስልኩን በጣትዎ ይምቱልኝ» እንላለን። አንድ ምት አዎ፣ ሁለት ምት አይደለም።

«ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ እዚህ ወንበር ላይ አንድ ቀን ቢውል በመዳብ ይለውጠው ነበር» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

መስመር ላይ ሳለን እርስ በርስ አንንሾካሾክም፤ ደዋዩ ስለ እሱ የሚወራ ይመስለዋል። እርዳታ የፈለገ ሰው ትንሿ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፎ ከፍ ያደርጋል። እኔ መጻፉ ስለሚዘገይብኝ ክብ እሥላለሁ፤ ኑልኝ ማለት ነው።

«እትዬ ዛሬም ዳቦ ሣሉልን» ይለኛል ያ ቀልደኛ።

ያን ዕለት መስኮቱ ክፍት ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ አነሣሁት። ዝምታ።

«እየሰማሁ ነው» አልኩ። «መናገር ካቃተዎት በጣትዎ ይምቱልኝ። ሴት ነዎት?»

ጠቅ።

«ወጣት ነሽ?»

ጠቅ።

ከኋላዋ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብ ይልና ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። እኔም ጠዋት ከሚያፈስሰው ቧንቧችን ሥር የቆርቆሮ ሳፋ አስቀምጬ ነበር የወጣሁት። ስንቱ ቤት ቧንቧ ያፈስሳል ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

«ብቻሽን ነሽ?»

ጠቅ፣ ጠቅ።

«አብሮሽ ያለው ሰው ይጎዳሻል?»

አንድም አልመታች፣ ሁለትም አልመታች። በዚያ ዝምታ መሀል ቁልፍ ሲቃጨል ሰማሁ። በጣት ላይ እየዞረ የሚቃጨል የቁልፍ ዘለላ ነው፤ ይዞራል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይዞራል።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ የከሰዓት ተረኛ። ምሳውን ይበላና ስልኩ አጠገብ ያለው ባለ ክንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፎቹን በጣቱ ያዞራል። «ሂድ እንጂ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሟል!» ብዬ ካልጮኽኩበት አይነሣም። ከቀብሩ በኋላ እነዚያን ቁልፎች ለመሥሪያ ቤቱ ያስረከብኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ድምፄን ግን ከፍ አላደረግሁትም።

«ማነው አብሮሽ ያለው?»

«አባቴ ነው» አለች።

ልጄ ናት። ከ«አቤት» ሌላ ቃል ከአፏ ሲወጣ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። እናቷ መሆኔን ካወቀች ትዘጋለች። ከዘጋች ደግሞ ዳግመኛ ለማንም አትደውልም።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሰሌዳዋን ሳብኩ። ክቡን አልሣልኩም፤ ክብ አይበቃም። ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ ወጥቶ ሌላው ወደ ታች ወርዶ፣ «ልጄ ናት ቤቴ ሂዱ» ብዬ ጻፍኩ። ፀጉር አስተካካዩ ዳቦ ሊለኝ ዞሮ ነበር፤ አነበበና ፊቱ ጠቆረ። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን በሞተሩ አድርሶኛል፣ ቤቱን ያውቀዋል። ሲስተር ቦርሳቸውን አንሥተው ተከተሉት። ክፍሉ ውስጥ እኔና ስልኩ ቀረን።

«አባትሽ የት ነው ያለው?»

«ወንበሩ ላይ። ሞቷል እኮ! እንደሞተ አውቃለሁ። እብድ አይደለሁም።»

«አላልኩሽም፣ የኔ ልጅ።» ይህን ለሁሉም ወጣት እንለዋለን፤ ደግነቱ።

«ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል። ነይ እንሂድ ይለኛል። ልጅ ሆኜ በአውቶቡሱ ይወስደኝ ነበር፣ ከኋላው አስቀምጦ። እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ እየሳቀ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«እናቴማ ማታ ማታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ አታየውም። እጁን እጇ ላይ ሲያደርግባት ዛሬስ በረደ ትልና ሹራብ ትደርባለች።»

እውነት ነው፣ ማታ ማታ ሹራብ እደርባለሁ።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ትጮኻለች። ከጮኸች በኋላ ደግሞ ኩሽና ገብታ በድብቅ ታለቅሳለች። የማልሰማ ይመስላታል።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ደክሞኛል። ዛሬ እሺ ልለው ነው። አንድ ሰው እንኳ ይወቅ ብዬ ነው የደወልኩት።»

ሲስተር፣ ጥያቄውን ዙሪያውን አትዙሩት፣ በስሙ ጥሩት ይሉናል። ስንቱን ባዕድ ጠይቄዋለሁ።

«ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?»

ጠቅ።

ያቺ አንዲት ምት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። መጮኽ አማረኝ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩና ዝቅ ባለው ድምፅ፣ «ከእኔ ጋር ቆዪ፤ እኔ ስልኩን አልዘጋም» አልኳት። ስለ አውቶቡሱ ጠየቅኳት። ወንበሩ ሽታው ምን ነበር? የመጨረሻው ፌርማታ የት ነበር? መለሰችልኝ። በመሀል በመሀል ቁልፉ ይዞራል። ወንዝ መሀል ያለ ሰው እጅ እንደያዝኩ ሆኜ ድምፅዋን ብቻ ይዤ ቆየሁ።

በመጨረሻ በስልኩ ውስጥ የሞተር ድምፅ ከሩቅ መጣና ቆመ። በር ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ደንግጣ።

«እኔ የላክኋት ሴት ናት። ነርስ ናት፣ ደግ ሴት። ክፈችላት።»

«አልችልም። ቀርቅሬዋለሁ... አልችልም፣ እሱ ተነሥቷል። በሩና እኔ መሀል ቆሟል። እጁን ዘርግቶልኛል።»

ቁልፉ አሁን ከትንፋሿ ይልቅ ቀረበኝ። ጥርት ብሎ፣ ጆሮዬ ሥር ይቃጨላል። ያ የተማርኩት ድምፅ የሚረዳኝ እስከዚህ ድረስ ነበር።

«ስልኩን ወደ እሱ አዙሪው» አልኳት።

«ምን?»

«አዙሪልኝ፣ እናቴ።»

ስታዞረው ሰማሁ። እኔም በገዛ ድምፄ፣ ሦስት ቤት በሚሻገረው፣ ጮኽኩ።

«አንተ ሰውዬ! አሁንም እዚሁ ነህ? ሰዓትህ ደርሷል እኮ! ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል! ሂድ እንጂ! ልጅቷን ደግሞ ተዋት፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትውለው!»

ቁልፉ ቀጥ አለ። ሳፋው ላይ የሚወርደው ውሃ ድምፅ እንኳ የጠፋ መሰለኝ። ከዚያ ያ ሰው እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊነሣ ሲል ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

የበራችን መቀርቀሪያ ዝገት ስለበላው ሲሳብ ያቃስታል። በስልኩ ውስጥ ሲያቃስት ሰማሁት፤ በሩም ተከፈተ። የልጄ ትንፋሽ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ሞቅ ያለ፣ ቅርብ።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው?» አልኩ።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ከዚያ፣ «እማዬ?» አለች።

«አቤት» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ልጄ ሐኪም ቤት ቆየች፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ የሚያዋያት ሰው አላት። አሁን ታወራኛለች፤ አንዳንዴም «ድምፅሽን ቀንሺ» ብላ ትቆጣኛለች፤ ስትቆጣኝ ደስ ይለኛል። ሲስተር፣ «ልጅሽ ጀግና ናት፤ ራሷ ናት በሩን የከፈተችልኝ» ይላሉ። ልጄ ደግሞ ሲስተር ገፍተው ገቡ ትላለች። ለሁለቱም ራሴን እነቀንቃለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ቧንቧውን ጠገነልኝና፣ «እትዬ፣ ይሄን መቀርቀሪያ ዘይት ልቀባልዎት?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት።

ትናንት ማታ እኔና ልጄ እዚያው ተቀምጠን ነበር፣ ባለ ክንዱ ወንበር መሀላችን። በዓይኔ ወንበሩን አሳየኋትና፣ «አለ?» አልኳት፣ በዝቅተኛው ድምፄ።

ልጄ ወንበሩን ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ በጣቷ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታች።

እጄን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ሹራቤን አልደረብኩም።