ተሰናብተዋል

በሩ ላይ የተለጠፈችውን ማስታወቂያ የፕላስተር ጫፍ በጥፍሬ እየፋቅሁ ሳለ ጋሽ ኪዳነማርያም ከባንኮኒው ጀርባ ጮኹ።

«ተይው ልጄ፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት!»

እጄን ሰበሰብኩ። ጋሽ ኪዳነማርያም የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የቅመማ ቅመምና የመጻሕፍት ሱቅ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የሱቁ የመስታወት በር የሰፈሩ ጋዜጣ ነው፤ የሚከራይ ክፍል፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዞ፣ የሙት ዓመት ጥሪ ሁሉ እዚያ ይለጠፋል። አሁን መሀሉ ላይ ከእሁድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ በመቀስ የተቆረጠች ጠባብ የሥራ ማስታወቂያ አለች። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚለው መስፈርት በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

«እስቲ አስቢው ሳሌም፣» አሉኝ። «አርባ ዓመት ጋዜጣቸውን ሳነብ አማርኛ የሚችል ሰው ፈልገው አያውቁም። ዝም ብዬ ልለፈው?»

ማስታወቂያውን ያወጣው እኔ የምሠራበት፣ ቶራንስ ከተማ ያለው ኩባንያ ነው። የሥራ ቦታውም የእኔ ነው፤ የያዝኩት፣ በየቀኑ የምቀመጥበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የምኖረው ኩባንያው ባስወጣልኝ የሥራ ቪዛ ነው። ቪዛው ከስድስት ዓመት አያልፍም፤ አምስተኛው ሊያልቅ ነው። ኩባንያው ግሪን ካርድ እንዲጠይቅልኝ ደግሞ ቦታዬን በጋዜጣ አውጥቶ፣ ለሥራው የሚበቃ የአገሩ ሰው እንዳልተገኘ ማረጋገጥ አለበት። አንድ የሚበቃ ሰው ካመለከተ ፋይሉ ይዘጋል፤ እኔም ሻንጣዬን እሸክፋለሁ። የምሠራው የሆስፒታል መልእክቶችን ወደ አማርኛ በሚመልስ ፕሮግራም ላይ ስለሆነ የአማርኛውን መስፈርት ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ጠበቃው ደስ አለው። «ይህንን ማን ያሟላል?» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ፌርፋክስን ረስቼው ነበር።

«ደግሞ ሰው ተገኝቶለታል፣» አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም። «ዮፍታሄ! ና እስቲ!»

ዮፍታሄ ከመደርደሪያዎቹ መሀል ወጣ። የኤርፖርት ፓርኪንግ ደንብ ልብሱን አልቀየረም። ኢንግልዉድ ከእናቱ ከእትዬ ፋናዬ ጋር ይኖራል፤ በስደተኛነት መጥቶ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል። የሰው መኪና እያቆመ በኮምፒውተር ዲግሪ እንደያዘ ሰምቻለሁ። ሁለት ዓመት በዲግሪው ሥራ ፈልጎ እንዳጣም ሰምቻለሁ።

«ያንቺ ኦፊስ ነው አይደል?» አለኝ። «ሶ፣ አፕላይ ከማድረጌ በፊት ሌተሬን እዪልኝ።»

«ከውጪ ሰው እያመጡ ሥራችንን ወሰዱብን ሲል የከረመው እሱ ነው፣» አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም እየሳቁ። «አንተስ? ኢንግልዉድ ተወለድክ?»

«እኔ ተሰድጄ ነው ጋሼ፣ ተመርጬ አይደለም።» እሱም ሳቀ። «የሚመጡትን አልጠላም። እዚህ ሰው የለም ሲባል ነው የሚያናድደኝ። መኪናቸውን ፓርክ የማደርግላቸው እኔ ሰው አይደለሁም?»

«ቁልፉን እጅህ ላይ ሲያስቀምጡ እንኳ አያዩህም እኮ!» አሉት ጋሽ ኪዳነማርያም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ባለፈው መጋቢት እትዬ ፋናዬ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የእኛ ፕሮግራም በልጃቸው ስልክ መልእክት ልኮ ነበር። «ወይዘሮ ፋናዬ ተሰናብተዋል» ይላል። ዮፍታሄ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ። ሆስፒታል ሲደርስ እናቱ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ምነው ዘገየህ?» አሉት።

ይህ ቃል፣ ይላል ደብዳቤው፣ ከሥራ ለተባረረም ለሞተም ሰው ይነገራል። «ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ» ቢባል ማንም አይደነግጥም ነበር። ከሥር ስህተቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ገምቶ፣ እንዴት እንደሚታረም በአራት መስመር ኮድ አሳይቷል። ግምቱ ልክ ነበር። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አጭርና ንጹሕ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ ፋናዬ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ደህና ናት። ሞታ እንደነበር አልነገርኳትም።»

ጋሽ ኪዳነማርያም በሳቅ ባንኮኒውን መቱት። እኔ ደብዳቤውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ታዲያስ?» አለ ዮፍታሄ። «እበቃለሁ?»

«ቦታው ሰው አለው፣» አልኩት። «ማስታወቂያው ለሕጉ ሲባል የወጣ ነው። ባትደክም ይሻላል።»

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

«ሰው ካለው ጋዜጣ ላይ ምን ያደርጋል?» አሉ ጋሽ ኪዳነማርያም። አሁን አይስቁም።

ዮፍታሄ ትንሽ አየኝ። «ኦኬ፣» አለ። «አንቺ ውስጡ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ከድካም አዳንሽኝ።» ደብዳቤውን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። «ያዢው። ቢያንስ ቃሏን አስተካክሉ፤ የሌላ ሰው እናት እንዳትሞት።»

ማስታወቂያውን ጋሽ ኪዳነማርያም ራሳቸው ላጡት። ፕላስተሩ በመስታወቱ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት ትቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አመልካች የሚጠበቅባቸው ሦስት ሳምንታት ነበሩ። የዮፍታሄ ስልክ ቁጥር ደብዳቤው ራስ ላይ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አውጥቼ አየሁት፤ አልደወልኩም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ጠበቃው ጻፈልኝ። ማንም አላመለከተም፤ የግሪን ካርድ ፋይሌ ለመንግሥት ሊገባ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ። አብረውኝ የሚሠሩት አጨበጨቡልኝ። አመሰግኜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና የቃላት ዝርዝሩን ከፈትኩ። «ተሰናብተዋል» የሚለውን አጠፋሁ፤ በምትኩ «ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ» ብዬ ጻፍኩ። አራቱን የኮድ መስመሮች እንዳሉ አስገባኋቸው። ሞከርኩት፤ ሠራ።

የእርማቱ ቅጽ ከመዘጋቱ በፊት ስህተቱን ማን እንዳገኘው የሚጠይቅ ባዶ ቦታ አለ። «ዮፍታሄ» ብዬ ጻፍኩ። ስሙን ለትንሽ ጊዜ አየሁት። ከዚያ አጠፋሁትና «ተጠቃሚ» ብዬ ሞላሁት።

ተዘግቷል የሚል ምልክት ወጣ። ደብዳቤውን እሱ ባጠፈው መስመር መልሼ አጠፍኩትና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።