የጦይባ የመጀመሪያ ጥያቄ

፩

«ቤተሰብስ ሁሉ ደህና ነው?» አለች ጦይባ።

«ቤተሰቡማ እሳቱ ውስጥ ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ውብእሸት፤ ስልኩንም ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

፪

እሳት አልነበረም። አቶ ውብእሸት የአደጋ ጥሪ ተቀባዮችን የሚያሠለጥኑ ሰው ናቸው፤ ከጎን ክፍል ሆነው ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው እያስመሰሉ ነበር። ጦይባ የሙያ ብቃት ማረጋገጫዋን ለመውሰድ የቀራት ይህ ፈተና ብቻ ነበር።

ወደቀች።

ለሁለተኛ ጊዜ።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ያረጋጋል፤ እጅሽም ፈጣን ነው» አሏት። «ግን ሰላምታሽ ሳያልቅ ሰዉ ያልቃል።»

፫

መመሪያው እንዲህ ይላል፦ መጀመሪያ የሚጠየቀው አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው።

የት?

ከዚያ በፊት እንዴት ዋሉ የለም። ልጆች እንዴት ናቸውም የለም።

፬

ጦይባ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት። ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ለእሷ ሳያንኳኩ ሰው ቤት ዘው እንደማለት ነው። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆማ ትለማመዳለች።

«ያሉት የት ነው? ያሉት የት ነው?»

«እዚሁ ነኝ፣ ምነው?» ይላሉ እናቷ ወይዘሮ ዘምዘም ከጓዳ።

፭

የመጨረሻው ዕድል በእውነተኛው መስመር ላይ ሆነ። አቶ ውብእሸት ሁለተኛውን ማዳመጫ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ። ጥሪ ገባ።

ጦይባ፦ የአደጋ ጥሪ ማዕከል። ያሉት የት ነው?

ጠሪ፦ አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ዋላችሁ? … ጦይባ? አንቺ ነሽ እንዴ?

፮

እዚህ ላይ ታሪኩን ላፍታ ላቁመው። ጦይባ የእናቷን ድምፅ ለይታለች። የእናቷን ቤትም ታውቀዋለች፤ ዛሬ ጠዋት የወጣችው ከዚያው ነው። አሁኑኑ አምቡላንስ ወደዚያ መላክ ትችላለች።

ደግሞ መመሪያው፣ ጠሪው ዘመድ ከሆነ ጥሪውን ሌላ ሰው ይቀበል ይላል።

«ለእኔ ስጪኝ» አሉ አቶ ውብእሸት እጃቸውን ዘርግተው።

አልሰጠቻቸውም።

፯

ጦይባ፦ ያሉት የት ነው?

ጠሪ፦ አንቱ አልሽኝ? እናትሽን?

ጦይባ፦ የት ነው ያሉት!

ጠሪ፦ (ደንግጠው) ዳገቱ ላይ! ወፍጮ ቤቱ ጋ! የጎረቤታችንን ልጅ ሀያትን ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ባጃጁ ቆመብን። ልጄ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት ታየ!

ቤት አልነበሩም።

፰

አምቡላንሱ ወደ ዳገቱ ወጣ። ሕፃኑ ግን አልጠበቀውም።

ጦይባ፦ እንዳይጎትቱት። በእጅዎ ደግፈው ብቻ ይቀበሉት።

ጠሪ፦ መጣ! ወንድ ነው! … አያለቅስም። ጦይባ፣ አያለቅስም!

ጦይባ፦ በሻርፕዎ ያድርቁት። ጀርባውን አሸት አሸት ያድርጉት።

ዝም።

ጦይባ፦ ይሹት። አያቁሙ።

ዝም።

ጦይባ፦ እማ፣ አታቁሚ።

፱

ሕፃኑ ሲጮህ ባጃጅ ነጂውም አብሮ ጮኸ። አምቡላንሱ ደረሰ፤ ሀያት ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ተጭና ሄደች። ወይዘሮ ዘምዘም ስልኩን አልዘጉም ነበር።

«በይ እሺ» አሉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ምሳ በልተሻል?»

፲

አቶ ውብእሸት ማዳመጫቸውን አወለቁ።

«ለእኔ ስጪኝ ስልሽ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«መመሪያውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልሰጠሽኝም?»

ጦይባ መለሰችላቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አቶ ውብእሸት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየላትም። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንስተው ፈረሙላት።

፲፩

ያቺን መልስ አልጻፍኳትም። እርስዎ ይሙሉልኝ።

ጦይባ፦ «                                        »