ዳገት ላይ የምትጮኸው ፒካፕ

ያችን ፒካፕ ከአዲስነቷ ጀምሮ የነዳት ውበቱ ነው። ያኔ የወይዘሮ ቦጋለች ነበረች፤ ከመሬት ዐዋጁ ወዲህ ግን የገበሬ ማኅበሩ ተረክቧት ከደሴ የእርዳታ እህል ታመላልሳለች። ባለቤቷ ቢለወጥም ሾፌሯ አልተለወጠም፤ በመካነ ሰላም ጠባይዋን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና።

በሰኔ አንድ ጠዋት ባዶዋን ወደ ደሴ ተነሣች። ጋቢና ውስጥ የማኅበሩ ዘብ ፈንታሁን ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ተቀምጧል። ከኋላ፣ በታጠፈ ጆንያ ላይ ወይዘሮ ቦጋለች ራሳቸው ነበሩ። ቤታቸው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ መሄዳቸው ነው። ፈንታሁን እስከ ዓምና ድረስ የእሳቸው ጭሰኛ ነበር። ማን የት ይቀመጥ ብሎ የወሰነ የለም፤ ፈንታሁን ቀድሞ ጋቢና ገባ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ዞሩ፣ ውበቱም ዝም ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ዝም ማለቱ ግን ይከነክነው ነበር።

በመንገዱ ዳር፣ በድርቁ ክፉ ቀን ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ጎጆዎች ክዳናቸው ወልቆ ቆመዋል። እዚህም እዚያም ግን በእርዳታ ዘር የተዘራ ገብስ ብቅ ብሏል።

አቀስታ ሳይደርሱ ያለውን ዳገት ሲጀምሩ ውበቱ ነዳጅ ጨመረ። መኪናዋ “ጓ!” አለች። ደግሞ ጨመረ፤ “ጓ! ጓ!”

“ተኩስ ነው! አቁም!” አለ ፈንታሁን። በዚያ ሰሞን ጫካ የገቡ ባላባቶች ስለነበሩ ቀልድ አልነበረም። ዘሎ ወርዶ ቦዩ ውስጥ ተኛና ጠመንጃውን ወደ ጉብታው ደገነ።

“ተነሥ ወንድሜ፣ የምትጮኸው መኪናዋ ናት” አለው ውበቱ።

ፈንታሁን ጭቃውን እያራገፈ ተነሣ። ከኋላ ሳቅ የመሰለ ሳል ተሰማ።

ውበቱ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሞ ማርሹን ነፃ አደረገና ነዳጅ ሰጣት። ምንም ድምፅ የለም። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በብረት መታ መታ አደረገው፤ አልላላም። ከሥር ገብቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ በእጁ ወዘወዘ፤ እሱም ጥብቅ ነው። ወጥቶ ጢሙን እያሻሸ ትንሽ አሰበ።

“የምትጮኸው ጉልበት ስታወጣ ብቻ ነው” አለ። “ኮፈኑን ከፍቼ እያየሁ ሌላ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ነዳጅ ይስጥልኝ።”

“እኔ በሬ እንጂ መኪና አላውቅም” አለ ፈንታሁን።

“እኔ ልሞክር” አሉ ወይዘሮ ቦጋለች ከላይ። “ስንት ዘመን አጠገብህ ተቀምጬ እግርህን ሳይ ነው የኖርኩት።”

ውበቱ ፈንታሁንን አየው። ፈንታሁን እንደ ፈለጋችሁ በሚል ትከሻውን ሰበቀ። ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ተደረገባቸው፣ የእጅ ፍሬኑም ተያዘ። ወይዘሮ ቦጋለች መሪውን እንደ ምጣድ ክዳን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ውበቱ የማርሹን መርገጫ፣ ፍሪሲዮኑን፣ በግራ እግራቸው አስረግጦ ማርሹን አስገባላቸውና ከጎን በኩል ወደ ሞተሩ አጎነበሰ።

“ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ፤ ነዳጁን ደግሞ ትንሽ ይጫኑ።”

ነዳጁን ብዙ ጫኑት፤ ፍሪሲዮኑንም ባንዴ ለቀቁት። መኪናዋ “ጓ!” ብላ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ።

“ገደልኳት!” ብለው ጮኹ።

“አብሽሩ እሜቴ፣ አልሞተችም” አለ ፈንታሁን በመስኮቱ በኩል። እንደ ጭሰኝነቱ ዘመን እሜቴ ማለቱ ወዲያው ታወቀውና ፊቱን ወደ ገብሱ አዞረ።

ውበቱ ግን የሚፈልገውን አይቶ ነበር። መኪናዋ ስትዘል ሞተሩ በግራ በኩል ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ተመልሶ ብረት በብረት ወድቋል። ሞተሩን ከመኪናዋ የብረት አካል፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ጎማ ተበጥሷል።

“መለዋወጫው ደሴም ከተገኘ ነው” አለ። “ለጊዜው ግን ሞተሩን ወደ ታች የሚይዘው ሰንሰለት አለን፤ ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ጎማ ነው የጠፋው።”

ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ ከመኪና ጎማ የተሠራ በርባሶ ጫማውን አወለቀ።

“እግርህንሳ?” አሉት ወይዘሮ ቦጋለች።

“እግሬ በርባሶ ሳያውቅ መሬት ያውቅ ነበር።”

ውበቱ ከሞተሩ ሥር ጣውላ አስደግፎ በክሪክ ቀስ እያደረገ አነሣው። ብሎኖቹን ፈትቶ የተበጣጠሰውን ጎማ አወጣ፣ በርባሶውን በቢላ ቆርጦ ደራረበና በቦታው ከተተው። ሞተሩን መልሶ አስቀመጠና ከሻንሲው ጋር በሰንሰለት ጠፍሮ በሽቦ አጠበቀው። ፈንታሁን ሽቦ ይጠመዝዛል፣ ወይዘሮ ቦጋለች ብሎኖቹን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ያቀብላሉ።

ሲጨርሱ ውበቱ የጋቢናውን በር ከፈተ። “እዚህ ይግቡ። ድምፁን የሚያዳምጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ” አላቸው። ሰበብ እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ፈንታሁን ገብቶ ወደ መኻል ተጠጋላቸው።

መኪናዋ ዳገቱን ጸጥ ብላ ወጣች።

“ሐረግ እንዴት ናት?” አሉ ወይዘሮ ቦጋለች ስለ ፈንታሁን ሚስት።

“ደኅና ናት። ለጥምቀት ሰሞን ወለደች።”

“እኔ እኮ አልሰማሁም! እንዴት የሚነግረኝ ሰው ይጥፋ?”

“ማን ደፍሮ ደጅዎ ይደርሳል ብለው ነው” አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ገብሱን ተመለከቱና “ወንድ ነው ሴት?” አሉ።

“ሴት ናት።”

“እግዜር ያሳድጋት።”

ደሴ ሲደርሱ ልጃቸው እያለቀሰች ወጥታ አቀፈቻቸው። ጓዛቸውን እስከ በሩ ያደረሰላቸው ፈንታሁን ነው። ወይዘሮ ቦጋለች ውበቱን ጉንጩን ሳሙት፤ ፈንታሁንን ደግሞ ትንሽ አመንትተው ሳሙት።

ጋራዥ ያለው መካኒክ ከሞተሩ ሥር ያለውን በርባሶ አይቶ ሳቀ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አትንኩት አላቸው። በማግሥቱ ስንዴ ጭነው ተመለሱ። የጉጉፍቱን ጋራ ሲያልፉ ፈንታሁን የውበቱን እግር አተኩሮ ሲያይ ቆየ።

“እሳቸው የሞከሩትን እኔ ሳልሞክር ልቀር ነው?” አለ።

“ስንዴው በደኅና ይውረድና እናያለን” አለው ውበቱ፣ ማርሹን ለቁልቁለቱ እየቀነሰ።