ነፋስ የማይገባበት ክፍል

ባሌ ሚሎራድ ከሞተ ወዲህ ያቺን ትንሽ መኝታ ቤት በሯን ገርበብ አድርጌ ዕቃ ከመወርወር በቀር ገብቼባት አላውቅም ነበር። የማይሰራ የስፌት መኪና፣ ሁለት የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የማርማላታ ባዶ ጠርሙስ በካርቶን በካርቶን፣ ሽቦው የወጣ ፍራሽ፣ የሚሎራድ አኮርዲዮን። ከዚያ ሁሉ ሥር አልጋ መኖሩን ራሱ ረስቼዋለሁ። ምራቴ ኔቬና ልትወልድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ግን ልጄ ስሬተን «እማዬ፣ ወይ ክፍሏን አጽጃት፣ ወይ እኔ በአካፋ ልግባባት» አለኝ። አካፋ ማንሳት የማያውቅ ልጅ ነው፤ ክፍሏን እኔው ያዝኳት።

መጀመሪያ ያስመጣሁት የጭስ ማውጫ ጠራጊውን ቪቶሚርን ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ያለው የድንጋይ ከሰል ምድጃ ለስድስት ዓመት እሳት አላየም። ቪቶሚር አብሮኝ የተማረ ሰው ነው፤ ሲናገር አይፈራኝም። ቱቦውን ጠርጎ ሲጨርስ መስኮቱን አንኳኳ።

«ይሄ አዲስ ነው አይደል? እንደ ጠርሙስ ክዳን ነው የገጠመው። ምድጃው አየር ከየት ይምጣለት?»

«እሱን ምድጃውን ጠይቀው።»

አልሳቀም። ከግድግዳው በታች በኩል ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ በሳልኝ። ወዲያው የውጪው ብርድ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ።

«ይቺን እንዳትደፍኚ ቦሲልካ። ከደፈንሽ ከሰሉ መርዝ ይተፋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እንደተኛሽ ትቀሪያለሽ።»

«አራስ ቤት ውስጥ ቀዳዳ? ልጁን በነፋስ ልትጨርስብኝ ነው?»

«ነፋስ ሰው አይገድልም።»

«እናቴን ታዲያ ምን ገደላት?»

«ዘጠና ሁለት ዓመቷ አልነበር እንዴ?»

«ዘጠና አንድ» አልኩት።

እዚህ ሰርቢያ፣ ቭርሻጽ ከተማ ተወልዶ ነፋስን የማይፈራ ሰው ቢኖር ቪቶሚር ብቻ ነው። በሩና መስኮቱ በአንድ ጊዜ ተከፍቶ መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው እኛ ዘንድ ጤነኛ አይባልም። ጥርስ ቢያመን፣ ኩላሊት ቢወጋን፣ አፍ ቢጣመም ነፋስ ነው። በነሐሴ ሙቀት አውቶቡስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ተነስታ የምትዘጋ አንዲት ሴትዮ አትጠፋም። እኔ ነኝ እሷ።

ሦስት ቀን ሠራሁ። የሚጣለውን ጣልኩ፣ የሚሰጠውን ሰጠሁ፣ አኮርዲዮኑን አልጋ ሥር አስገባሁ። ያስቸገረኝ ለልብሳቸው ያስገባሁት ቁም ሳጥን ነው። በር ያለበት ግድግዳ አይበቃውም፣ በመስኮቱ በኩል አይሆንም፣ በምድጃው በኩል ይቃጠላል። የቀረው ቪቶሚር የበሳው ግድግዳ ነው። ቀዳዳዋን ትንሽ ቆሜ አየኋት። ከዚያ የሚሎራድን የሱፍ ሹራብ ጠቅልዬ እስከ ውስጥ ድረስ ጠቀጠቅኩባትና ቁም ሳጥኑን ገፍቼ አስጠጋሁት። ልክ ሆነ። አንሶላውን፣ የሕፃኑን ልብስ፣ ፎጣውን በየመደርደሪያው አጣጥፌ ደረደርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን ልናገር፣ ሹራብ ለመጠቅለል ፈቃድ አልጠይቅ።

ኔቬና ስታየው አለቀሰች። «እማማ፣ እንዴት ያምራል! እንዲህ ያለ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም» ብላ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ደስታዬን ልደብቀው አልችልም፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንድ ወለደች። ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ኮሻቫ ተነሳች። ይቺ የእኛ ነፋስ አንዴ ከጀመረች ወይ ሦስት ቀን ወይ ሰባት ቀን ነው፤ ጭሱን ሳይቀር ወደ ቤት ትመልሳለች። ምድጃውን አጥብቄ አነደድኩ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ወሸቅኩ። በማግስቱ ኔቬና ራሴን አለች።

«ፀጉርሽን ታጥበሽ ኮሪደር ወጥተሻል፤ ነፋስ መትቶሻል» ብዬ ድንች ቆርጬ ግንባሯ ላይ አሰርኩላት።

ጎረቤቴ ዴሳንካ ሕፃኑን ልትጠይቅ መጥታ ሰዓቷን እያየች ትገረማለች። «ይሄ ልጅ ጭራሽ አያለቅስም እንዴ? ምን እያጠጣሽው ነው? የኔ የልጅ ልጅ እኮ ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሰው።»

«የእናንተ ቤት ነፋስ ያስገባል» አልኳት። ኩራቴ አይጣል ነው።

ኮሻቫ በተነሳች በአራተኛው ቀን ጠዋት ኔቬና አስመለሳት። ግድግዳ ይዛ ወደ ማዕድ ቤት መጣችና ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እዚህ ስሆን ይሻለኛል። እዚያ ግን ይጨንቀኛል። መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተውስ?»

«በአራስ ወገብሽ? ጤና የለሽም እንዴ ልጄ?»

«ትንሽ፣ ጣት የምታህል ብቻ…»

«አርባ ቀንሽ ይሙላና ጣሪያውንም ክፈቺው።»

እዚህ ሲሻላት፣ እዚያ ሲጨንቃት። አልሰማሁም አልልም። የቪቶሚር ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ገብቼ ቁም ሳጥኑን አየሁት። ሊገፋ ከሆነ ያ ሁሉ የደረደርኩት ልብስ መውጣት አለበት፤ ቪቶሚር ትክክል ነበር ማለት አለብኝ፤ ያ ብርድ ደግሞ በሕፃኑ አልጋ ሥር ሊገባ ነው። ነገ፣ ነፋሷ ስትቆም፣ አልኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ከሰል ጨመርኩና ወጣሁ።

ከምሳ በኋላ ስሬተን ከሥራ ደወለ። «ኔቬናን አገናኚኝ።»

«ተኝታለች። ደግሞ ልትቀሰቅስብኝ ነው?»

«በጠዋትም ተኝታለች አልሽኝ።»

«አራስ ካልተኛች ማን ይተኛ? አንተ?»

ስልኩን ዘግቼ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ገባሁ። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። መስኮቱ ጣት የምታህል ተከፍቷል፤ የሕፃኑ አልጋም ወደ መስኮቱ ተጠግቷል። ደሜ ፈላ። እናት ሆና በገዛ ልጇ ላይ! ላነቃት አልኩና ተውኩት፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ከወለደች ወዲህ እንዲህ መልክ ወጥቶላት አላየኋትም። መስኮቱን ዘጋሁ። የሕፃኑን አልጋ ጎትቼ ወደ ሙቀቱ፣ ምድጃው አጠገብ አስጠጋሁ። በሩን ቀስ አድርጌ ከዘጋሁ በኋላ ፎጣዬን መለስኩ።

ባቄላ ጣድኩ። ሽንኩርት ላጥኩ። ዴሳንካ በመስኮት ስትጣራ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ መለስኳት። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከኮሻቫ በቀር የሚሰማ የለም። ባቄላው በስሎ ሲበቃው ነው ጡት የሚጠባበት ሰዓት ማለፉን ያሰብኩት። በደንብ አልፏል። ከዚያ ክፍል ግን እንቅስቃሴ የለም።

«ኔቬና» አልኩ በሩ ላይ። «ኔቬና!»

ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኩ፤ ጭንቅላቷ ብቻ ወዲህ ወዲያ ተንከባለለ። ሕፃኑን አነሳሁት። እንደ ጨርቅ እጄ ላይ ታጠፈ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ግቢው መሃል፣ በካልሲ፣ ሕፃኑን በስስ ሸሚዝ ብቻ ይዤ በኮሻቫ ፊት ቆሜ ነው። ነፋሷ ሸሚዙን ታርገበግባለች። ዴሳንካ በአጥሩ ላይ ጮኸች።

«ቦሲልካ! አበድሽ እንዴ? ልጁን ነፋስ ላይ?»

«አምቡላንስ!» ብዬ ጮህኩ። «አምቡላንስ ጥሪ!» ሕፃኑን ወደ ነፋሱ አዞርኩት። እባክሽ፣ እባክሽ እላለሁ፣ ለነፋስ። አፉን ከፈተ፣ አነቀው፣ ሳለ፣ ከዚያ በጣም ቀጭን ድምፅ አሰማ። በአጥሩ በኩል ለዴሳንካ ሰጥቼ ተመለስኩ፤ ኔቬናን በብብቷ ይዤ እስከ ደጃፉ ጎተትኳት።

ሆስፒታል ሐኪሙ የከሰሉ መርዝ ነው አለ። ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አለና አልጨረሰውም። ሕፃኑ በቱቦ እየተነፈሰ ነው፤ ይተርፋል ብለን እናስባለን አለ። ስሬተን ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል። «ያንን ቪቶሚርን አንገቱን ነው የማንቀው። ያ ሰካራም! ቱቦውን ጠርጌያለሁ ብሎ!» ቪቶሚር መጠጥ በአፉ አይዞርም። ልጄ አጠገብ ቆሜ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ዝም አልኩ።

ጠዋት ኔቬና ዓይኗን ገለጠች። ገና ማንም ምንም አልነገራትም። እጇን ያዝኩት። ስታየኝ እንባዋ መጣ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ሳያዩ መስኮቱን ከፍቼው ነበር። ነፋሱ ነው አይደል የመታን? በእኔ ነው አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ከተማው በሙሉ ያምነኝ ነበር፣ እሷም ዕድሜ ልኳን ታምነኝ ነበር።

«መስኮቱን ዘግቼዋለሁ ልጄ» አልኳት። «ልጁንም ወደ ምድጃው ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳውንም የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ቀዳዳ?»

ነገርኳት። ቪቶሚር ያለኝን፣ ሹራቡን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ጠዋት ማዕድ ቤት ሆና ስትነግረኝ ገብቶኝ እንደነበር፣ ነገ እንዳልኩ። አንዱንም አላስቀረሁም። ስጨርስ እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።

«ልጄ በሕይወት አለ?»

«አለ። ይተነፍሳል።»

«ስሬተንን ይጥሩልኝ» አለች ወደ ጣሪያው እያየች። «ልጁን ሲሰጡኝ እሱ ይሁን የሚያመጣው። እርስዎ እንዳይነኩብኝ።»

ወጥቼ ልጄን ጠራሁት።